የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መርዛማ ጋዝ ሲያመልጥ ዳመናው የሚደርስበት ቦታ በምን ይሰላል?

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ የምኖር የከባድ መኪና አሽከርካሪ ነኝ። አደገኛ ጭነት ለማጓጓዝ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ለማውጣት ስማር፣ ቦቴ ተገልብጦ ጋዝ ቢያፈስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ዳመናው የሚደርስበትን ቦታ በኮምፒውተር እንደሚያሰሉ ተነገረን። ኮምፒውተሩ ይህን ከምን ተነሥቶ ያውቃል? አንዳንድ ጊዜስ ነዋሪውን «ውጡ» በማለት ፈንታ «ቤታችሁን ዘግታችሁ ተቀመጡ» የሚሉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኮምፒውተር የሚከፍት ሰው እምብዛም የለም። መጀመሪያ የሚደርሰው የእሳት አደጋ ቡድን ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ራቅ ብሎ ይቆምና በሩቅ ማያ መነጽር በመኪናው ላይ ያለውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ያነባል፤ 1017 ክሎሪን፣ 1005 ደግሞ አሞኒያ ነው። ከዚያም በየመኪናው የሚቀመጠውን ብርቱካናማ የድንገተኛ አደጋ መመሪያ መጽሐፍ ገልጦ፣ በአረንጓዴዎቹ ገጾች ላይ ለዚያ ኬሚካል የተሰጠውን የመጀመሪያ ርቀት ይወስዳል። እርስዎን የሚመለከተውም እዚህ ላይ ነው፤ ከመኪናው ሲወርዱ የጭነት ሰነዱን በሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ ወይም በወንበሩ ላይ እንዲተዉ ሕጉ የሚያዝዘው፣ ያ ቡድን የጭነቱን ስምና መጠን ፈልጎ እንዳያጣ ነው።

ስሌቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአሜሪካ በብዛት የሚሠራበት ካሜዮ የተባለው የፕሮግራሞች ስብስብ ሲሆን፣ የብሔራዊ ውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር (ኖዋ) ከአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጋር ሆኖ አዘጋጅቶ በነጻ ያድለዋል። በውስጡ የኬሚካሎቹን ጠባይ የሚዘረዝር ክፍል፣ ማርፕሎት የሚባል የካርታ ክፍልና ዳመናውን የሚያሰላው አሎሃ ይገኛሉ። አሎሃ ከተጠቃሚው የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፦ የኬሚካሉን ዓይነት፣ የታንከሩን መጠንና የቀዳዳውን ስፋት፣ የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ፣ የአየሩን ሙቀት፣ የሰማዩን ደመናማነት፣ እንዲሁም አካባቢው ገላጣ ሜዳ ይሁን ሕንፃ የበዛበት። በእነዚህ ተመሥርቶ ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ቀጠናዎችን ይሥላል። ሰው ክሎሪንን ለ1 ሰዓት ቢተነፍስ ተብሎ በተሠሩት ደረጃዎች ቀዩ ከ1 ሚሊዮን የአየር እጅ 20 እጅ ክሎሪን የሚደርስበት፣ ሕይወትን የሚያሰጋ ቦታ ነው፤ ብርቱካናማው 2 እጅ ላይ፣ ቢጫው ደግሞ 0.5 እጅ ላይ ይጀምራል። በብርቱካናማው ቀጠና ሰው ጽኑ ጉዳት ሊደርስበት ወይም ራሱን ለማዳን አቅም ሊያጣ ይችላል፤ በቢጫው የሚጠበቀው ዓይንንና ጉሮሮን የመቆጥቆጥ ዓይነት አልፎ የሚሄድ ሕመም ነው።

ስሌቱ ሁሉንም ጋዝ በአንድ መንገድ አያይም። ከአየር ጋር በክብደት የሚቀራረበው ነፋሱን ተከትሎ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይበተናል። ክሎሪን ግን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ፣ መጀመሪያ በራሱ ክብደት ወደ ምድር ተጭኖ ይንጣለላል፤ ነፋሱን ተቃውሞ ወደ ኋላ የሚስፋፋበት ጊዜም አለ። አሞኒያ ከአየር የቀለለ ቢሆንም፣ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ከተጫነበት ታንከር በድንገት ሲወጣ ቀዝቅዞና ከጥቃቅን ጠብታዎች ጋር ተደባልቆ እንደ ከባድ ጋዝ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው «ቀላል ነው፣ ወደ ላይ ይነሣል» ብሎ ቢጠጋ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ታዲያ ሥዕሉ ምን ያህል ይታመናል? እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2005፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ገደማ፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት በግራኒትቪል ከተማ የጭነት ባቡር የሐዲድ መቀየሪያው በስሕተት ተከፍቶ በመተዉ ከዋናው ሐዲድ ወጥቶ ከቆመ ባቡር ጋር ተጋጨ። ከክሎሪን ታንከሮቹ አንዱ ተበስቶ 9 ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 5,400 ሰዎችም ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። ጋዙ የተኛው ረባዳ መሬት ላይ ነበር። አሎሃ ደግሞ መሬትን ሁሉ ሜዳ አድርጎ ስለሚያይ፣ ሸለቆና ኮረብታ ዳመናውን እንዴት እንደሚመሩት አይነግርም፤ ነፋሱ በጣም ደካማ ሲሆንም ስሌቱ ያን ያህል አያስተማምንም።

ከዚያ አደጋ በኋላ ሌላም ነገር ተነሥቷል። የክሎሪን ዳመናን የሚያሰሉት ሞዴሎች (የስሌት ፕሮግራሞች) ይተነብዩት የነበረው ጉዳት በእውን ከታየው የከፋ ሆኖ ስለተገኘ፣ ምክንያቱን ለማጥናት በ2010፣ ከዚያም በ2015 እና በ2016 በዩታ በረሃ በሚገኘው በደግዌይ የሙከራ ሜዳ ክሎሪን በቶን እየለቀቁ ለኩ። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ክሎሪን ከአፈርና ከዕፅዋት ጋር ስለሚዋሐድ ዳመናው በመንገዱ ላይ እየሳሳ መሄዱ ነው። በአደጋው ቦታ ሥራውን ለሚመራው አዛዥ ግን ከእውነቱ የሰፋ ቀጠና ከጠበበው ይሻለዋል፤ ምንም እንኳ ከመጠን በላይ የሰፋው ሺዎችን ያለ ምክንያት በሌሊት መንገድ ላይ ቢያወጣም። አሎሃም ከ1 ሰዓትና ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ አይተነብይም፤ ነፋስ ከዚያ በላይ በአንድ አቅጣጫ ጸንቶ እንደማይነፍስ አዘጋጆቹ ያውቃሉና። ስለዚህም በቀጠናው ዙሪያ ነፋሱ ቢዞር ዳመናው ሊያዘነብል የሚችልበትን ወሰን የሚያሳይ ተጨማሪ መስመር ያሰምራል። በእኔ እምነት ከባለቀለሙ ሥዕል ይልቅ መታየት የሚገባው ይህ መስመር ነው።

«ቤታችሁን ዝጉ» የሚባለው ዳመናው ደራሽ ሲሆንና ቶሎ ያልፋል ተብሎ ሲታሰብ ነው። አሎሃ በአንድ ቦታ ላይ በውጭና በቤት ውስጥ የሚኖረውን መጠን አጠገብ ለአጠገብ ያወጣል። መስኮትና በሩ ተዘግቶ የአየር ማቀዝቀዣው ከጠፋ፣ ጋዙ ወደ ቤት የሚገባው በዝግታ በመሆኑ የውስጡ መጠን ከውጭው እጅግ ያንሳል፤ በመኪና ለመሸሽ የሚወጣ ሰው ግን ዳመናው መሐል ሊገባ ይችላል። ለክሎሪን የሚመረጠው ላይኛው ፎቅ እንጂ ምድር ቤት አይደለም። ዳመናው ካለፈ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውስጥ የቀረው ከውጭው ሊበልጥ ስለሚችል፣ ትእዛዙ ሲሰጥ ወጥቶ ቤቱን ማናፈስ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ይህ ፕሮግራም አዲስ አበባ ውስጥ ሊሠራ ይችላል? (ከአዲስ አበባ፣ የሥራ ደኅንነት ባለሙያ)

መልስ፦ ይችላል። አብሮት የሚመጣው የከተሞች ዝርዝር በአብዛኛው የአሜሪካ ቢሆንም፣ ኬክሮሱን፣ ኬንትሮሱንና ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ሞልተው የራስዎን ከተማ መመዝገብ ይችላሉ። ከፍታውን አይዝለሉት፤ ፕሮግራሙ የአየሩን ግፊት የሚያሰላው በእርሱ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከዚህ የሚከብደው የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ ወንዝ ዳር ባለ ገደል አጠገብ የሚገኝ የክሎሪን መጋዘን ካለዎት ቀጠናውን በካርታው ላይ ከሣሉ በኋላ፣ ጋዙ ተንሸራቶ የሚወርድበትን ረባዳ በእግርዎ ሄደው አይተው በእጅዎ ይጨምሩበት። ይህም አደጋ ሳይደርስ የሚሠራ ሥራ ነው። የዋሽንግተኑ የብሉ ፕሌንስ የፍሳሽ ማጣሪያ ከ2001ዱ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በባቡር ታንከር የሚያስመጣውን የክሎሪን ጋዝ ትቶ በረኪና በሚሠራበት በፈሳሽ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ተክቷል፤ እርስዎም ስሌቱ ቀይ ቀጠናው ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል እንደሚደርስ ካሳየዎት፣ ለአለቆችዎ በመጀመሪያ የሚያቀርቡት ጥያቄ ጋዙን በሌላ መተካት ይቻል እንደሆነ ይሁን።