ሁለተኛ ማርሽ የምትተፋ ሞተር

አንድ የጅማ ልጅ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ 150 ሲሲ ህንድ ሰራሽ ሞተር አለኝ። ከሰቃ ቡና እየጫንኩ እመላለስባታለሁ። ከአንድ ወር ወዲህ ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ስሰጣት ‹ቋ!› ትልና ማርሹ ይወጣል። ሞተሩ ይጮሃል፣ እሷ ግን አትሄድም። አንድ መካኒክ ካምቢዮው፣ ማለትም ማርሾቹ ያሉበት ክፍል፣ በሙሉ ይቀየር አለኝ። እውነቱን ነው?»

ወንድሜ፣ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን የትኛው ማርሽ እንደሚወጣና መቼ እንደሚወጣ ሳይጠይቅህ ከሆነ እንዲህ ያለህ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ከኪስህ አታውጣ። የዚህ ብልሽት ግማሽ ምርመራ ጥያቄ ነው። ቁልፍ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ማርሽ መትፋትና ፍሪሲዮን ማንሸራተት ለብዙ ሰው አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ሞተሩ ይጮሃል፣ ጉዞው ይቀራል። ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት ግን ማርሹ ከቦታው አይወጣም። ቋ የሚል ድምፅ የለም፤ ጩኸቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው፣ አንዳንዴም የተቃጠለ ነገር ይሸታል። አንተ «ቋ!» ብለሃል። በሚቀጥለው ሲያጋጥምህ አረንጓዴዋን የዜሮ መብራት እይ። ከበራች ማርሹ ወጥቶ ዜሮ ገብቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ እግርህ እንምጣ። አትሳቅ። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛዬ ያንተኑ ችግር ይዞ መጣ። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የጎማ ቦቲ ተጫምቷል፣ ቦቲው ላይ ደግሞ የጭቃ ክምር። ተከትዬው ወደ ጅሬን ዳገት ወጣን። ግራ እግሩን ስመለከት ጣቱን ከማርሽ መርገጫው ላይ ጭራሽ አያነሳም። መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ቦቲው መርገጫውን ትንሽ ወደ ታች ይጫነዋል። አንደኛ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ በሆነ ሞተር ከሁለተኛ ግማሽ ርግጫ ወደ ታች ማለት ዜሮ ነው። እግርህን አንሳ አልኩት፤ አለቀ። የሻይ ብቻ ከፈለኝ።

ሞተሯ ወድቃ ታውቃለች? በግራ በኩል ከወደቀች መርገጫው ተጣሞ ከሞተሩ ክዳን ወይም ከእግር ማሳረፊያው ጋር ይነካካል። ያኔ ማርሹ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ይቆማል። መርገጫውን በእጅህ ያዝና ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። የተገጠመበት ዘንግ ሳይንቀሳቀስ መርገጫው ብቻውን የሚጫወት ከሆነ ቡሎኑ ላልቷል፣ ወይም የውስጥ ጥርሱ ተበልቷል። ይህን አንተው ቤትህ ታየዋለህ።

የፍሪሲዮን ካቦውንም እይ። እጀታው ስር ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነፃ ጨዋታ ይበቃል። ካቦው በጣም ከላላ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፤ ማርሹ ሁልጊዜ እየተጋጨ ይገባል፣ ጥርሱም ይበላል።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ወደ ውስጥ ነው። እዚህ የምጠይቅህ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሁሉም ማርሽ ይወጣል ወይስ ሁለተኛው ብቻ?

ሁሉም ከወጣ ተስፋ አለ። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የሚዞረው ከበሮ መሰል ብረት (የማርሽ መቀየሪያው ከበሮ) ጫፍ ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው ብረት አለ፤ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚሳብ ትንሽ ክንድ እየተጫነው እያንዳንዱን ማርሽ ቦታው ላይ ይቆልፋል። ሞላው ከደከመ ወይም ከተሰበረ የሚይዝ ነገር የለም። በብዙዎቹ ሞተሮች ይህ ያለው በቀኝ በኩል፣ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ነው። ሞተሩን ለሁለት መክፈት አያስፈልግም። በአንዲት ሞላ ምክንያት ሙሉ ካምቢዮ የቀየረ ሰው አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ብቻ ከሆነ ግን፣ እንዳንተ አነጋገር፣ ነገሩ ይከብዳል። ማርሾቹ ጎናቸው ላይ ጉብታዎች አሏቸው። ማርሽ ስታስገባ ሹካው፣ ማርሽ የሚገፋው ባለ ሁለት ጣት ብረት፣ አንዱን ማርሽ ገፍቶ ጉብታዎቹን ከጎረቤቱ ጋር ያያይዛል። አዲስ ሲሆኑ ጠርዛቸው ስለታም ነው፤ አብዛኞቹ ላይም ጉልበት ሲመጣ እርስ በርስ እንዲሳሳቡ ወደ ውስጥ ዘንበል ተደርገው ተቆርጠዋል። ጠርዙ ሲያልቅና እንደ ሳሙና ሲድበለበል ግን በተቃራኒው ጉልበቱ ራሱ ያላቅቃቸዋል። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ ባዶዋን ስትሄድ ደህና ሆና ጭነት ይዛ ዳገት ላይ የምትተፋው። ሁለተኛው ቀድሞ የሚያልቀው ደግሞ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲኬድ ዜሮን መዝለል ስላለ ነው። መንገዱ ረዘም ይላል፣ ሰነፍ እግር ግማሽ ላይ ይተወዋል።

እንዲህ ሞክራት። ጭነቱን አውርድ። መኪና የማይበዛበት ሜዳ መንገድ ላይ በሁለተኛ ነዳጅ ስጣት፣ ከዚያ ድንገት ልቀቅ፣ እንደገና ስጣት። ስትሰጣት ብቻ ከወጣ የጉብታዎቹ አንድ ፊት አልቋል፤ ስትለቅ ብቻ ከወጣ ሌላኛው። በሁለቱም ከወጣ ሹካው ተጣሞ ወይም ጫፉ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። መርገጫውን በእግርህ ደግፈህ መሄድ እንዳትለምድ፤ ሹካው እየተፋተገ ይቃጠላል።

ቀጥሎ ዘይቱን ሞቅ እንዳለ በንጹህ ሳህን አውጣና ማግኔት አስገባበት። እንደ አመድ የላመ ጥቁር ነገር ከያዘ አትደንግጥ፣ የተለመደ ነው። በጣትህ ስትዳስሰው የሚቆረቁር ስባሪ ካገኘህ ግን ጉብታዎቹ እየተሰበሩ ሳይሆን አይቀርም። ያቺን ሞተር ከዚያ በኋላ አትንዳት። ዘይት ስትሞላ ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤም ኤ (JASO MA) የሚል ይሁን፤ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር ይስማማል ማለት ነው። የመኪና ዘይት ረከሰ ብለህ ብትሞላ ፍሪሲዮኑም ማንሸራተት ሊጀምርና ሁለት በሽታ ሊሆንብህ ይችላል።

መከፈቷ ካልቀረ፣ መካኒኩ የሚቀይረው ያለቀውን ማርሽና የሚያያዘውን ጎረቤቱን አንድ ላይ ይሁን፣ ሹካውንም ጨምሮ። አንዱን አዲስ፣ አንዱን አሮጌ አድርጎ መግጠም ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ያስከፍትሃል። «በብየዳ ሞልተን እንሞርደዋለን» የሚልህም አይጠፋም። እኔ በራሴ ሞተር አላደርገውም። የማርሾቹ ዘንግ የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎችም እዚያው ያያቸው፤ ዘንጉ ከተጫወተ አዲሱም ማርሽ አይጸናም።

እስከዚያ ድረስ ቡናውን በሰው መኪና ላክ። ቁልቁለት ላይ ሁለተኛው ከወጣ ሞተሩ አይዝህም፣ የቀረህ ፍሬን ብቻ ነው። የግድ ዳገት መውጣት ካለብህ በአንደኛ ዝግ ብለህ ውጣ። አሮጌዎቹን ማርሾች ደግሞ ተቀብለህ ጉብታውን በራስህ ጣት ዳስሰው። ስለታም ከሆነ ለምን እንደተቀየረ ጠይቅ።