ላለመመኘት ስታገል ሰላም አጣሁ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የመከራ ሥሩ ምኞት ነው የሚለውን የቡድሃ ትምህርት ካነበብኩ ወዲህ ምንም ላለመመኘት ወስኜ ነበር። የሥራ እድገት ውድድሩን ተውኩት። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። ሰላም ግን የለኝም። እድገቱ ለባልደረባዬ መሰጠቱ ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል፤ ወዲያው ደግሞ «አሁንም ትመኛለህ?» እያልኩ በራሴ እናደዳለሁ። ፍላጎት ሁሉ መጥፋት አለበት ማለት ነው?

ከራሱ ጋር የሚታገል አንባቢ

ውድ ጠያቂያችን፣

ፍላጎት ሁሉ ይጥፋ አልተባለም። ቡድሃ በሕንድ፣ በቫራናሲ ከተማ አቅራቢያ፣ በሳርናት፣ ለ5 ባልንጀሮቹ ባስተማረው የመጀመሪያ ትምህርት የመከራ ምንጭ ያለው ታንሃን፣ ማለትም ጥማትን ነው። እሱም ሦስት ዓይነት ነው፦ የስሜት ደስታን መጠማት፣ አንድ ነገር ሆኖ ለመኖር መጠማት፣ ያለው ነገር እንዲጠፋ መጠማት። እርስዎ ሁለቱን ሲያባርሩ ሦስተኛው ይዞዎታል። «ይህ ስሜት ከውስጤ ይጥፋልኝ» የሚለው እልህ ራሱ ጥማት ነው፤ ያደከመዎትም እሱ ነው።

በጥንታዊቷ የሕንድ ከተማ በኮሳምቢ፣ በጎሲታ አትክልት ስፍራ፣ ኡናባ የተባለ ብራህማን (ከሕንድ የካህናት ወገን የሆነ ሰው) «ፍላጎትን በፍላጎት ማጥፋት መጨረሻ የለውም» ብሎ የቡድሃን ደቀ መዝሙር አናንዳን ሞግቶት ነበር። አናንዳም ወደ አትክልቱ ስፍራ ለመምጣት የነበረው ፍላጎት ከደረሰ በኋላ የት እንደገባ ጠየቀው። ግቡ ሲደርስ የሚያርፍ ፍላጎት ጠላት አይደለም። ሥራውን ራሱን መሥራት ከፈለጉ ይወዳደሩ። እድገቱን ካላገኘሁ ዋጋ የለኝም የሚያሰኝዎት ከሆነ ግን ሁለተኛው ጥማት ገብቶበታል።

አሁን ወደ ልምምዱ። በቡድሃ ትምህርት ጥማት የሚወለድበት ሰንሰለት እንዲህ ይሄዳል፦ ንክኪ (ዓይን፣ ጆሮ ወይም አእምሮ ከአንድ ነገር ጋር ሲገናኝ)፣ ከዚያ ስሜት (ደስ የሚል፣ ደስ የማይል ወይም ከሁለቱም ያልሆነ)፣ ከዚያ ጥማት፣ ከዚያ ሙጥኝ ማለት። ስሜቱ እንዳይመጣ መከልከል አይቻልም፤ ሥራው ያለው በስሜቱና በጥማቱ መካከል ነው። አንዱን ሰዓት ወደ 15 ደቂቃ ያውርዱት። ትንፋሽዎን አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ አፍንጫ ጫፍ ወይም ሆድ ላይ፣ ይከታተሉ። ትዝታው ሲመጣ ታሪኩን ይተዉና «ደስ የማይል» ብለው ይሰይሙት። ደረትዎ ላይ ነው ወይስ መንጋጋዎ ላይ? ለሁለት ሦስት ትንፋሽ ይመልከቱትና ይመለሱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ሰይመው ሲያበቁ ሄደ ወይስ አልሄደም ብለው ይፈትሹታል። ያ ሦስተኛው ጥማት በሌላ በር መግባቱ ነው።

ሐሳቡ አልለቅ ካለዎት ቡድሃ ለመነኮሳቱ 5 መንገዶችን በቅደም ተከተል ሰጥቷል፦ በበጎ ሐሳብ መተካት፣ ጉዳቱን ማጤን፣ ትኩረትን ማንሣት፣ የሐሳቡን ግፊት ደረጃ በደረጃ ማርገብ፣ በመጨረሻም ጥርስን ነክሶ መጨቆን። እርስዎ የጀመሩት ከአምስተኛው ነው! ለቅናት የመጀመሪያው መንገድ ሙዲታ ነው፤ በሌላው ደስታ መደሰት። ግን በባልደረባዎ አይጀምሩ፤ ቁስሉን ይነካካዋል። ስኬቱ ያለ ትግል ደስ በሚያሰኝዎ ወዳጅ ይጀምሩ፤ ያ ሲቀልዎት ብዙም ወደማያውቁት ሰው ይሻገሩ፤ ባልደረባዎ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።