መልስ፦ ሴለሪ ታስክ ውስጥ ፑል ስከፍት ለምን ይወድቃል?

ኮድህ ጤነኛ ነው። ሴለሪ (ታስክ የሚባሉ ስራዎችን ከጀርባ የሚያስኬደው የፓይተን መሣሪያ) በነባሪው ፕሪፎርክ፣ ማለትም በተለያዩ ፕሮሰሶች፣ ሲሰራ ወርከሮቹን (ታስኮቹን የሚሰሩትን ፕሮሰሶች) ዴሞን አድርጎ፣ ማለትም ዋናው ፕሮሰስ ሲዘጋ አብረው እንዲዘጉ አድርጎ ነው የሚያስነሳቸው። ፑል (ስራ የሚካፈሉ ፕሮሰሶች ስብስብ) የምትከፍትበት የፓይተን መልቲፕሮሰሲንግ ላይብረሪ ደግሞ ዴሞን ፕሮሰስ ልጅ እንዲወልድ፣ ማለትም ሌላ ፕሮሰስ እንዲያስነሳ፣ አይፈቅድም። «ፒዲኤፎቹን ለ4 ፕሮሰስ ላካፍል ስል አሰርሽን ኤረር ይመጣል፣ ተርሚናል ላይ ግን ይሰራል» ያልከው ለዚህ ነው። ተርሚናል ላይ ዋናው ፕሮሰስ ዴሞን አይደለማ።

1. ፑልን ከመልቲፕሮሰሲንግ ሳይሆን ቢሊያርድ ከሚባለው ላይብረሪ ኢምፖርት አድርግ። የሴለሪ ሰዎች ከመልቲፕሮሰሲንግ ቀድተው ያሻሻሉት ነው። ከሴለሪ ጋር አብሮ ስለሚጫን አዲስ የምትጭነው የለም።

2. ወርከሩን አጥፍተህ አስነሳው። አለዚያ የሚሮጠው አሮጌው ኮድ ነው።

እኔ ብሆን ግን ፑሉን ጭራሽ እተወዋለሁ። እያንዳንዱን ፒዲኤፍ ለብቻው ታስክ አድርጌ በግሩፕ (ብዙ ታስክ አንድ ላይ በሚልከው የሴለሪ ዘዴ) እልካለሁ። አንዱ ቢወድቅ እሱን ብቻ መድገም ነው።

በቢሊያርድ ከቀጠልክ ፕሮሰስ ቁጠር። ኮንከረንሲህ (አብረው የሚሰሩት ወርከሮች ብዛት) 8 ሆኖ እያንዳንዱ ታስክ 4 ልጅ ከከፈተ፣ ከወርከሮቹ ጋር 40 ፕሮሰስ ማለት ነው። እኔ ሳልቆጥር ለቅቄው ሌሊት ላይ ሰርቨሩ ራም ጨረሰ፤ ከርነሉም (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ወርከሮቹን አንድ በአንድ ገደላቸው። ሎጉ ላይ ያገኘሁት «ሲግናል 9» (ፕሮሰሱ በግድ ተገደለ ማለት ነው) የሚል ብቻ ነው። እኔ ምኑም ስላልገባኝ ግማሽ ቀን ኮዴን ስበረብር ዋልኩ።

ስራው ሲያልቅም ፑሉን ክሎዝ (አዲስ ስራ እንዳይቀበል)፣ ቀጥሎ ጆይን (ልጆቹ እስኪጨርሱ ለመጠበቅ) ማድረግ እንዳትረሳ።