የፕላስቲክ ዱቄት ያለ ምድጃ እንዴት ይጣበቃል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጥያቄና መልስ ዓምድ አዘጋጅ። የምሠራው የአሉሚኒየም በርና መስኮት በሚመረትበት ድርጅት፣ በዱቄት ቀለም ክፍል ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ቻርጅ ተስቦ አሉሚኒየሙ ላይ ካረፈ በኋላ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደሚሞቅ ምድጃ ገብቶ ይቀልጣል፣ ይበስላልም። በቅርቡ ግን «ኮልድ ስፕሬይ» በሚባል ዘዴ የፕላስቲክ ዱቄት ሳይቀልጥ፣ በጋዝ ግፊት ብቻ ተወርውሮ ብረት ላይ እንደሚጣበቅ አነበብሁ። በፍጥነት የተወረወረ ጠጣር ነገር ነጥሮ ይመለሳል እንጂ እንዴት ይጣበቃል? ሙጫ የለ፣ ምድጃ የለ፤ የሚይዘው ምንድን ነው? እኛስ ምድጃችንን የምንተውበት ቀን ይመጣል?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው፤ በዚህ ዘዴ ከሚወረወሩት የፕላስቲክ ቅንጣቶች ውስጥ እጅግ የሚበዙት በእርግጥም ነጥረው ሊመለሱ ይችላሉ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት የፖሊኦሌፊን (ፖሊኤትሊንን የመሰሉ ፕላስቲኮች ቤተሰብ) ዱቄትን እስከ 135 ሜትር በሰከንድ በሚደርስ ፍጥነት ሲረጩ፣ ሽፋን ሆኖ የቀረው ከተረጨው ዱቄት 0.5 በመቶ እንኳ አልሞላም ነበር። ስለዚህ ቅንጣቱ እንዴት እንደሚጣበቅ ከመጠየቅ በፊት ለምን እንደሚነጥር መረዳት ይበጃል።

ዘዴው መጀመሪያ የተገኘው ለብረታ ብረት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በሩሲያዋ ከተማ በኖቮሲቢርስክ አናቶሊ ፓፒሪንና ባልደረቦቹ፣ ከድምፅ በሚፈጥን የአየር ፍሰት ውስጥ ደቃቅ ቅንጣቶች የሚያሳዩትን ጠባይ ሲያጠኑ፣ ቅንጣቶቹ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ የሚመቱትን አካል መቦርቦር ትተው በላዩ ላይ መጣበቅ እንደሚጀምሩ አስተዋሉ። ለመዳብ ይህ ወሳኝ የሚባለው ፍጥነት ከ500 ሜትር በሰከንድ ከፍ ይላል። በዚህ ፍጥነት የመጣ መዳብ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ቅንጣቱን በአማካይ ከ300 ዲግሪ በላይ ሊያሞቀው ይችላል፤ በተጨማሪም ግጭቱ በጠርዙ በኩል ብረቱን እንደ ፈሳሽ አፈትልኮ እንዲወጣ ስለሚያደርገው የላይኛው የኦክሳይድ ልባስ ተሰባብሮ ይጠረጋል፣ ንጹሕ ብረት ከንጹሕ ብረት ጋር ይገናኛል።

ፕላስቲክ ከዚህ ዕድል ተካፋይ አይደለም። የላስቲክ ከረጢት የሚሠራበትን ፖሊኤትሊንን ምሳሌ አድርገን በ200 ሜትር በሰከንድ ብንወረውረው፣ በአንድ ኪሎ ግራም የሚይዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት 20 ኪሎ ጁል ብቻ ነው፤ አንዱን ኪሎ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ደግሞ 2 ኪሎ ጁል ገደማ ስለሚፈልግ፣ ግጭቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ እንኳ የሚጨምረው በአማካይ 10 ዲግሪ ነው። የመቅለጫው መጠን 130 ዲግሪ ገደማ ለሆነ ነገር ይህ ከቁጥር አይገባም። ሞለኪውል ከሞለኪውል የሚሳሳብበት ደካማ ኃይል፣ የቫን ደር ቫልስ ኃይል የሚባለው፣ በማንኛውም ሁለት አካላት መካከል አለ፤ ሆኖም 50 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ዲያሜትር ላለው ቅንጣት ብናሰላው፣ በካሬ ሜትር 0.1 ጁል የሚሆነውን የተለመደ ግምት ይዘን፣ ቅንጣቱ ይዞት ከመጣው ጉልበት አንድ ሺኛውን እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ቅንጣቱ እንዲቀር የተቀረው ጉልበት ከሞላ ጎደል በሙሉ በቅርጽ ለውጥና በውስጣዊ ሰበቃ መባከን አለበት፤ ከዚያ የተረፈችው ጥቂት የመንጠር ጉልበት ከመጣበቂያው ኃይል ከበለጠች ቅንጣቱ ይሄዳል። እንደ እኔ አመለካከት የጉዳዩ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ኮልድ ስፕሬይ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ፍጥነትን ብቻ ማጉላታቸው አንባቢን ያሳስታል።

የጭቃ ምርጊት ግድግዳ ላይ ሲወረወር የሚቀረው በፍጥነቱ አይደለም፤ መልሶ የሚገፋ ጠባይ ስለሌለውና በእንጨቱ መካከል ገብቶ ስለሚሞላ ነው። ፕላስቲክን እንዲህ ዓይነት ጠባይ ለማስያዝ የሚቻለው ጋዙን በማሞቅ ነው። በእጅ ሲነኩት ለስላሳ የሆነ ፕላስቲክ፣ አንድ ሰከንድ ለአራት ሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ እጅ በምትሆን ቅጽበት ሲመታ፣ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶቹ ተንሸራተው ቦታ ለመለዋወጥ ጊዜ ስለማያገኙ፣ እጅግ ከቀዘቀዘ ፕላስቲክ ጋር የሚመሳሰል ግትርነት ያሳያል። ቅንጣቱ አስቀድሞ ሲሞቅ ሰንሰለቶቹ በዚያች አጭር ጊዜም እንኳ መላወስ ይችላሉ። ይሁንና ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ዱቄቱ ገና ኖዝሉ (የመርጫው አፈሙዝ) ውስጥ እያለ ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋዋል፤ ሠራተኛው የሚንቀሳቀሰው በዚህች ጠባብ ልዩነት ውስጥ ነው። ከዚህም ሌላ ፕላስቲክ ቀላል በመሆኑ ጋዙ ቶሎ ያፈጥነዋል፤ በሚመታው ገጽ ፊት ለፊት የታመቀው ጋዝ ደግሞ በዚያው ልክ ያዘገየዋል፤ ደቃቁ ዱቄት ጭራሽ ወደ ጎን ስለሚወሰድ ለፕላስቲክ ከብረት ዱቄት ይልቅ ገዘፍ ያለ ቅንጣት ይመረጣል።

የሚሞቀው ግን ዱቄቱ ብቻ ቢሆን በቂ አይሆንም፤ እርስዎ በየዕለቱ የሚይዙት አሉሚኒየም እዚህ ላይ ዋና ተዋናይ ይሆናል። ሁለት አካላት ሲነካኩ በመገናኛው ላይ የሚኖረውን ሙቀት የሚወስነው ሙቀትን ይበልጥ የሚስበው አካል ነው፤ አሉሚኒየም በዚህ ረገድ ከፖሊኤትሊን ከ25 እጥፍ በላይ ይበልጣል። በ110 ዲግሪ የሞቀ የፖሊኤትሊን ቅንጣት 25 ዲግሪ ላይ ያለ አሉሚኒየምን ሲነካ፣ ከግጭቱ የሚመነጨውን ሙቀት ወደ ጎን ትተን ብናሰላ፣ መገናኛው 28 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይቀራል። ጣጣ ተከፍሎበት የሞቀው ዱቄት መጣበቅ በሚገባው ቦታ ላይ ወዲያው ቀዘቀዘ ማለት ነው። ያው ቅንጣት ቀደም ሲል በተጣበቀ ፖሊኤትሊን ላይ ቢያርፍ ግን መገናኛው 67 ዲግሪ ይደርሳል። የመጀመሪያውን ንብርብር ማስያዝ ከተከታዮቹ የሚከብድበትና ብረቱ አስቀድሞ እንዲሞቅ የሚደረግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሚይዘውም ነገር በሁለቱ ንብርብሮች የተለያየ ነው። ብረት ላይ ያረፈው የመጀመሪያው ቅንጣት የሚያዘው፣ ለስልሶ በሸካራው ገጽ ጉድጓዶች ውስጥ በመቆለፉና ከኦክሳይዱ ጋር በሞለኪውል ርቀት በመቀራረቡ ነው፤ በሳንድብላስት የተነፋና ቅባት የሌለው ገጽ እዚህም፣ በእናንተ ሙያ እንደሚሆነው፣ ግማሽ ሥራ ነው። እንደ ናይሎን ያሉ ዋልታ ያላቸው (በሞለኪውላቸው ውስጥ አዎንታዊና አሉታዊ የኤሌክትሪክ ጫፍ ያላቸው) ፕላስቲኮች ከኦክሳይዱ ጋር የሃይድሮጅን ትስስር መፍጠር ስለሚችሉ በዚህ ረገድ ከፖሊኤትሊን የተሻለ ዕድል አላቸው። ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የሁለቱ ሰንሰለቶች ድንበሩን ተሻግረው እርስ በርስ ሊጠላለፉ ይችላሉ፤ ከሁሉ የሚጠነክረው ማያያዣ ይኸው ነው። ይህ መጠላለፍ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥርም የሚፈልገው ጊዜ ይጨምራል፤ ስለዚህ ግጭቱ መቀራረቡን ብቻ ይሰጣል፣ መጠላለፉ የሚቀጥለው ሽፋኑ ሞቆ በሚቆይበት ጊዜ ነው።

ምድጃዎን በተመለከተ፣ አይተዉት። ዱቄት ቀለም ግማሽ በመቶውን ሳይሆን አብዛኛውን ዱቄት ሥራ ላይ የሚያውል፣ ስስና ለስላሳ ሽፋን የሚሰጥ ዘዴ ነው፤ ምድጃውም የሚያቀልጥ ብቻ አይደለም፣ የቀለሙን ሞለኪውሎች በኬሚካላዊ ትስስር ያስራል። ኮልድ ስፕሬይ የሚፈለገው ምድጃ ውስጥ ለማይገባ ትልቅ አካል፣ ባለበት ለሚጠገን ነገር ወይም ቢቀልጥም ለማይፈስ ፕላስቲክ ነው። ለዚህ የመጨረሻው ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው፣ የሞለኪውል ክብደቱ በሚሊዮን የሚቆጠረው ፖሊኤትሊን ነው፤ የፈረንሳይና የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ዱቄት እጅግ ከደቀቀ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ጋር ቀላቅለው ሲረጩት ሽፋኑ በእጅጉ እንደሚወፍር አሳይተዋል፤ በአሉሚናው ገጽ ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን) ቡድኖች በቅንጣቶቹ መካከል ድልድይ እንደሚሆኑ ያስረዳሉ።

ጥያቄ፦ ተቃራኒውስ ይቻላል? ማለትም የብረት ዱቄትን በፕላስቲክ ላይ መርጨት?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ፕላስቲኩን ቦርቡሮ መጨረስም ይቻላል። እንደ ኢፖክሲ ያለ፣ አንዴ ከደረቀ የማይለሰልስ ፕላስቲክ በመዳብ ቅንጣት ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ይሸረፋል፤ እንደ ፒክ (PEEK) ያለ በሙቀት የሚለሰልስ ፕላስቲክ ግን ቅንጣቱን ወደ ውስጥ ተቀብሎ ሊይዘው ይችላል። ለዚህ ሥራ ቲን የሚባለው ለስላሳ ብረት ይመረጣል፤ መቅለጫው 232 ዲግሪ ብቻ በመሆኑ በሞቀ ጋዝ ሲረጭ በከፊል ቀልጦ በፕላስቲኩ ገጽ ላይ በተፈጠሩት ስንጥቆች ውስጥ ይሞላና እዚያው ይቆለፋል። ጥናቱን የሚያበረታታው ዋና ፍላጎት የሚመጣው ከአውሮፕላን ነው፤ ከካርቦን ፋይበርና ከኢፖክሲ የሚሠራ አካል እንደ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ የመብረቅን ጉልበት የሚያሰራጭ የብረት ልባስ ያስፈልገዋል።