ተተኪ ነው ተመዳቢ? የቤዝቦሉ «መቺ» በአማርኛ

ጥያቄ፦ «የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ለእረፍት ደሴ መጥቶ በስልኩ ቤዝቦል ሲያሳየን ሰነበተ። እዚያ ጨዋታ ውስጥ ዱላ ይዞ የሚመታ፣ ሜዳ ገብቶ ግን የማይከላከል አንድ ተጫዋች አለ። ስሙ ‹ዴዚግኔትድ ሂተር› ነው አለን። በአማርኛ ምን እንበለው ብለን ተከራከርን። እኔ ‹ተተኪ መቺ› አልኩ። አንዱ ጓደኛዬ ‹ምድብ መቺ› ይላል። ሌላው ‹በእንግሊዝኛው አህጽሮት ዲ ኤች በሉና ተገላገሉ› ብሎ ሳቀብን። ማናችን ነን ልክ?» (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አንቱ ብዬ ልጀምር። እኔም የሐይቅ ልጅ ነኝና ለማላውቀው ሰው «አንተ» ማለት አፌ እምቢ ይለኛል።

«ሂተር» የሚለውን እንዳለ መውሰዱን ከወዲሁ እንተወው። በጦሳ ብርድ ለሚኖር ሰው ሂተር ማለት የገላ ውሃ የሚያሞቅ ዕቃ ነው። «ቡድኑ ጥሩ ሂተር አለው» ብላችሁ ብትጽፉ ደሴ ላይ የሚቀናባችሁ ብዙ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ስገባ፣ የእናንተን ክርክር እኔም ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ገጥሞኛል። ለጓደኛዬ ላስረዳው ብዬ ዘጠኝ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ዘጠኙ ሜዳ ላይ የሚከላከሉት ናቸው። መሃል ያቆምኩት ብርጭቆ ኳሷን ለተጋጣሚው መቺ የሚወረውረው፣ ወርዋሪው ነው። ስኳር ዕቃውን ደግሞ ለብቻው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። «ይሄ አይከላከልም» አልኩት። «ጓደኞቹ ሜዳ ሲሆኑ እሱ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል። የመምታት ተራ ሲደርስ ግን ዱላውን ይዞ ይገባል። ወርዋሪው አይመታም።»

ጓደኛዬ መሃሉን ብርጭቆ አንስቶ «ታዲያ ይሄ ወጣ ማለት ነዋ?» አለኝ።

«አልወጣም። መልሰው። ቀጥሎ የሚወረውረው እሱ ነው።»

«ካልወጣ ምኑን ተካው?»

መልስ አጣሁ። አስተናጋጇ ብርጭቆዎቿን ልትሰበስብ ከጎናችን ቆማ ስትሰማ ኖሯል። «ኧረ ወላሂ እናንተ ታደክማላችሁ» አለች። «አይተካውም፤ ይመታለታል ነዋ!» ብርጭቆዎቹን ለቅማ ሄደች።

እኔ በሰዋስው መጽሐፍ ስፈልገው የነበረውን እሷ በአንድ ግስ ጨረሰችው። ጥያቄያችሁ ያለው «ለት» ላይ ነው።

አማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ «ለት» እና «በት» ይለጥፋል። ዳኛ ይፈርድለታል፣ ይፈርድበታል። ለገበሬ በሰኔ ይዘንብለታል፤ ጤፉን አውድማ ላይ ከምሮ እያለ ይዘንብበታል። ዝናቡ ያው ዝናብ ነው። ቤዝቦልም እንዲሁ ነው፤ አንድ ምት ለአንዱ ወርዋሪ ተመታለት፣ ለሌላው ተመታበት። እንግሊዝኛ ይህን ለመለየት ተጨማሪ ቃል ያስፈልገዋል፤ እኛ በአንዲት ፊደል እንለየዋለን።

ይህ «ለት» ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ «እንዲጠቅመው» ነው። ሌላው «እሱ በሚያደርገው ፈንታ» ነው። የፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ አስቡት። ባለጉዳይዋ ከጎኑ ተቀምጣ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፍላታል። አልተካትም። ጉዳዩ የእሷ ነው፣ ችሎት የምትቆመውም እሷ ናት። ብዕሩ ብቻ የእሱ ነው። የቤዝቦሉም ሰው ራፖር ጸሐፊ ነው፤ ብዕሩ ዱላ ሆነ እንጂ።

አሁን «ተተኪ»ን እንመልከት። አንቱ ያሉት ነውና ቅር እንዳይልዎት፤ አብሽሩ፣ የተሳሳቱት ከብዙ ሰው ጋር ነው። «ተካ» የሚለው ግስ የፊተኛውን ሰው መሄድ ይፈልጋል። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ የሚሉትን ስሞች ያስተውሉ። ብዙ ጊዜ ከእነሱ በፊት የሞተ ልጅ አለ። «ምትክ ቦታ» የሚሰጠው የፊተኛው ቦታ ሲወሰድ ነው። «ተተኪ ትውልድ» የሚባለውም አሮጌው ሲያልፍ የሚመጣው ነው። ስለዚህ «ተተኪ መቺ» ያነበበ ሰው አንድ ተጫዋች የወጣ ይመስለዋል። እዚህ ግን ማንም አልወጣም። ሁለቱም ከመጀመሪያው ጀምሮ በዝርዝሩ ላይ አሉ፤ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታለታል።

የባሰው ደግሞ ቤዝቦል እውነተኛ ተተኪ መቺ አለው። ጨዋታው ሲጠብ አሠልጣኙ አንዱን መቺ ያስወጣና ሌላ ያስገባል። የወጣው በዚያ ጨዋታ አይመለስም። ይህንን የኳስ ተመልካች እንደሚለው «ተቀይሮ የገባ መቺ» ማለት ይቻላል። «ተተኪ»ን ለዲ ኤች ከሰጣችሁት ለዚህኛው ምን ይተርፈዋል?

«ወኪል» ያሉም አጋጥመውኛል። ኒካህ ሲታሰር ወኪል ተቀምጦ ያየ የወሎ ሰው ቃሉ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ወኪል የሚናገረው በሌላ ሰው ስም ነው፤ ቃሉ የላኪው ቃል ነው። ቤዝቦል ላይ ግን ምቱ የሚጻፈው በመቺው በራሱ ስም ነው። ስለዚህ ወኪልም አይሆንም።

የእንግሊዝኛው ቃል ፍቺ «የተሰየመ» ነው። ቃል በቃል ከሄድን «ሥዩም መቺ» ሊባል ነው። «ሥዩመ እግዚአብሔር» የነገሥታት ማዕረግ ነበር። «ሥዩም መቺ» ግን ሥዩም የሚባል ጎረምሳ ሰው መትቶ ጣቢያ የገባ ያስመስለዋል።

የጓደኛዎ «ምድብ መቺ» ለእውነት ቀርቧል፤ ግን ስፖርት ገጽ ላይ «ምድብ» ሌላ ሥራ ይዟል። ምድብ ሀ፣ ምድብ ለ ስንል ኖረናል። እኔ ያንኑ ሥር ይዤ «ተመዳቢ መቺ» እላለሁ። ወረኢሉ ወይም ባቲ የተመደበ መምህር «ተመዳቢ» ሲባል ማንም ግራ አይገባውም። አንድ አካል መደበው፣ ለአንድ ሥራ መደበው፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ሊመድብበት ይችላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነው፤ ቡድኖች ቦታውን የሚጠቀሙበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለምና። አንዳንዱ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ለአንድ ኃይለኛ መቺ ይሰጠዋል። የቦስተኑ ዴቪድ ኦርቲዝ እንዲህ ነበር። አብዛኛውን ዘመኑን ሳይከላከል እየመታ ኖሮ እንደ ፈረንጆች በ2022 የቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ሌላው ቡድን ደግሞ ያዘዋውረዋል። ዛሬ ከመቺው ጀርባ ኳስ ሲቀልብ ጉልበቱ የደከመው ቀላቢ ቁጭ ብሎ ይመታል፣ ነገ ጀርባውን ያመመው ሌላ ተጫዋች። እግራቸው ያርፋል፣ ዱላቸው አያርፍም። አሁን አሁን ይኼኛው እየበዛ ነው። ስለዚህ «ቋሚ መቺ» የሚሉም ካሉ እዚህ ላይ ይወድቅባቸዋል። «በወርዋሪው ተራ የሚመታ» ማለትም ያሳስታል። አሠልጣኙ ሰውየውን ከዘጠኙ ተራ የፈለገበት ያስገባዋል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ነው የሚያደርገው። ደግሞ «ተራ መቺ» ብሎ ቢያጥር ሰውየውን መስደብ ይሆናል።

ምደባ መሆኑን ሕጉ ራሱ ይመሰክራል። ተመዳቢ መቺው በጨዋታው መሃል ተነሥቶ ሜዳ ገብቶ ልከላከል ቢል ቡድኑ ምደባውን ለዚያ ጨዋታ ያጣል። ከዚያ በኋላ ወርዋሪው ራሱ ዱላ መጨበጥ አለበት፤ ወይም ሌላ መቺ ተቀይሮ ይገባለታል። ሻይ ቤት ውስጥም ይኸው ደረሰብን። ከወዲያኛው ጠረጴዛ «ስኳር!» ብለው ጮኹ፤ አስተናጋጇ መጥታ ተመዳቢያችንን ይዛብን ሄደች።

«መቺ» ስለሚለው ደግሞ አንድ ልበል። በገና ጨዋታ ያደግን ሰዎች ጥንጓን «ለጋት» ነው የምንለው። «ለጊ» ለጆሮዬ ከ«መቺ» ይልቅ ይጥመኛል። ግን ሕዝቡ «ቅጣት ምት መቺ» ማለት ለምዷል፤ እኔ ብቻዬን ተሟግቼ አላሸንፍም። የሚጠይቁኝ «ያልመታ ሰው እንዴት መቺ ይባላል?» ብለው ነው። የሥራ ስም ስለሆነ ነዋ። ፍጹም ቅጣት ምት የሳተም «መቺው ሳተ» ይባላል።

ለዚህ ከቤዝቦሉ ታሪክ የተሻለ ምስክር አላገኝም። ከአሜሪካ ሁለት ታላላቅ የቤዝቦል ሊጎች አንዱ፣ አሜሪካን ሊግ፣ ሕጉን የጀመረው እንደ ፈረንጆች በ1973 ነው፤ ብዙ ወርዋሪዎች ዱላ ላይ ደካማ ናቸው፣ ተመልካቹ ደግሞ ምት ማየት ይፈልጋል ተብሎ። በእኛ 1965 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ወሎ ያንን ዓመት የሚያስታውሰው በጨዋታ አይደለም፤ ልለፈው። መጋቢት 28 ቀን የኒው ዮርክ ያንኪሱ ሮን ብሎምበርግ ቦስተን ላይ የመጀመሪያው ተመዳቢ መቺ ሆኖ ዱላውን ይዞ ቆመ። ነጥብ ለማግኘት በተራ የሚታለፉት ሦስቱም ጣቢያዎች በጓደኞቹ ተይዘዋል። ወርዋሪው አራት ኳስ ከክልሉ ውጭ ወረወረበት። ሕጉ በእንዲህ ያለ ጊዜ መቺው በነፃ ወደ አንደኛ ጣቢያ ይራመድ ይላልና ብሎምበርግ እየተራመደ ሄደ፤ ከፊቱ ያሉት ተገፍተው አንዱ ነጥብ ሆኖ ገባ። የዓለም የመጀመሪያው ተመዳቢ መቺ በመጀመሪያ ተራው አልመታም! ዱላው ግን ኩፐርስታውን ያለው የዝነኞች አዳራሽ ሄደ።

ሌላው ሊግ፣ ናሽናል ሊግ፣ «ወርዋሪም ራሱ ይምታ» ብሎ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አሻፈረኝ አለ። በ2020 በኮሮናው ምክንያት ባጠረው ወቅት ለጊዜው ሞከረው፣ በ2022 ለዘለቄታው ተቀበለው። የእህትዎ ልጅ እዚያው አሜሪካ ያደገ አጎት ካለው፣ አጎቱ በልጅነቱ ያየው የናሽናል ሊግ ቤዝቦል እሱ ከሚያየው የሚለይበት አንዱ ነገር ይህ ነው።

በዚያው በ2022 አንድ ሌላ ደንብ ተጨመረ፤ ለእኔ ቢጤ ሰዋስው ወዳድ ከሁሉ የጣመኝም እሱ ነው። ጃፓናዊው ሾሄይ ኦታኒ ወርዋሪም ነው፣ ኃይለኛ መቺም ነው። በአዲሱ ደንብ ጨዋታውን የሚጀምር ወርዋሪ በዚያው ጨዋታ ተመዳቢ መቺም ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። መወርወሩን ሌላ ቢቀበለውም እሱ መምታቱን ይቀጥላል። በወረቀቱ ላይ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆነ። በ2024 ደግሞ ክርኑ ቀዶ ጥገና ስለተደረገለት አንድም ኳስ ሳይወረውር፣ በተመዳቢ መቺነት ብቻ 54 ጊዜ ከሜዳ አውጥቶ መታና የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ለሙሉ ጊዜ ተመዳቢ መቺ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ ኦታኒን «ተተኪ መቺ» ይበሉት እስቲ። ራሱ ራሱን ተካ ሊሉ ነው? «ይመታለታል» እንኳ እዚህ ላይ ይንገዳገዳል፤ «ለራሱ ይመታል» ማለት ይመጣል። «ተመዳቢ» ግን አልተነቃነቀም።

ለመጻፍ እንዲመቻችሁ፦ መጀመሪያ ሲጠቀስ «ለወርዋሪው የተመደበ መቺ» በሉ፤ ከዚያ በኋላ «ተመዳቢ መቺ» ይበቃል። ብዙ ቁጥሩ «ተመዳቢ መቺዎች» ነው። «የወርዋሪው መቺ» እንዳትሉ፤ ወርዋሪውን ራሱን የሚደበድብ ይመስላል። «መቺለት» የሚል ቃል ልፍጠር ያለኝ ተማሪ ነበረኝ። «ለት» ግስ ላይ እንጂ እንዲህ ያለ ስም ላይ አይለጠፍም ብዬ መለስኩት።

ሦስተኛው ጓደኛችሁን በተመለከተ፣ ሻይ ቤት ከሆነ ዲ ኤች ይበል። ቪ ኤ አርን ማን ተርጉሞ ጨረሰው?