ማርቸዲሱን ፖርሽ ለምን ሠራው?

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ከኋላው «500 ኢ» የሚል ምልክት ያለበት አሮጌ ማርቸዲስ ቆሞ አየሁ። ከኮምቦልቻ የመጣ መካኒክ ወዳጄ «ይህን የሠራው ፖርሽ ነው» ቢለኝ ቀልድ መሰለኝ። ነገሩ እውነት ነው? እውነተኛውንስ በምን እለየዋለሁ?
(አንባቢያችሁ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወዳጅዎ አልቀለዱም። መርሴዲስ ቤንዝ ደብልዩ 124 በሚባለው የቤት መኪናው ላይ የስፖርት መኪናውን የ500 ኤስኤልን ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5 ሊትር ሞተር ለመግጠም ሲነሣ፣ የንድፉንና የሙከራውን ሥራ በውል የሰጠው እዚያው ሽቱትጋርት ለሚገኘው ለፖርሽ ነበር። በዚያን ጊዜ ፖርሽ ሽያጩ ቀዝቅዞበት ሥራ ይፈልግ ነበር፤ ሞተሩና የመርሴዲስ ስም ግን ከባለቤቱ አልወጡም።

የሚገርመው የአሠራሩ ጉዞ ነው። ለሰፋፊ ጎማዎች ሲባል ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ) ስለተለጠጠ መኪናው ከተራው 56 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ በዚንደልፊንገን ባለው የመርሴዲስ መገጣጠሚያ መስመር አላልፍ አለ። ስለዚህ የቦዲው ክፍሎች ከዚንደልፊንገን ተጭነው ወደ ፖርሽ ፋብሪካ ወደ ሱፈንሃውዘን ይሄዳሉ፤ ቦዲው እዚያ ተበይዶ ለቀለም ወደ መርሴዲስ ይመለሳል፤ ሞተሩና ሌላው ዕቃ እንዲገጠምለት እንደገና ወደ ፖርሽ ይላካል፤ በመጨረሻም ለፍተሻና ለርክክብ ወደ መርሴዲስ ይመጣል። ለአንድ መኪና 18 ቀን ይፈጅ ነበር። ነገሩ ሁሉ ለሒሳብ ሠራተኛ ራስ ምታት ይመስለኛል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1995 ድረስ 10,479 መኪኖች ተሠርተዋል።

መኪናው በ1990 በፓሪስ አውቶ ትርዒት ሲቀርብ 326 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከቆመበት ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 6 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል፣ ፍጥነቱም 250 ላይ ተገድቧል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው እንዲህ ያለ ሞተርም ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል።

የኋላው ምልክት በማንኛውም ደብልዩ 124 ላይ ሊለጠፍ ስለሚችል ብቻውን አይመኑት። በፊት ለፊት ቆመው ፓራፋንጎውን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ጎማውን አልፎ ወደ ውጭ ያብጣል። የኋላ መቀመጫው ለሁለት ሰው ተለይቶ የተሠራ ነው። ሞተሩ ቦታውን ስለያዘው ባትሪው ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ግን ባለቤቱን አስፈቅደው በሊብሬውና በመኪናው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ያስተያዩ፤ በውስጡ 124036 የሚለው ቁጥር ከሌለ ከኋላው የተጻፈው ጌጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።