«አሁን ምን እያነበብህ ነው?» ለሚል ጥያቄ እውነቱን ስለ መመለስ

ውድ ወጣቶች፣

ከ30 ዓመት በላይ በኦዲት ሥራ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስሁት በወረቀት ላይ የሰፈረውንና በመጋዘን ውስጥ በእርግጥ ያለውን ሳመሳክር ነው። ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁበት ጉዳይ ግን መጽሐፍ ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ አንድ ሰው «አሁን ምን እያነበብህ ነው?» ሲለን የምንሰጠው መልስ ነው። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሒሳቦች ሁሉ ይበልጥ ተጋንኖ የሚቀርበው ይህ ሒሳብ ሳይሆን አይቀርም። ሰው ያላነበበውን አንብቤዋለሁ ይላል፤ ጀምሮ የተወውን ጨርሼዋለሁ ይላል፤ እንቅልፉን አጥቶ ያነበበውን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ደግሞ አፍሮ ይደብቀዋል።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ ከራሴ ልጀምር። ሥራ በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጡኝ ባልደረቦች ስለ አንድ ዝነኛ ልብ ወለድ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። መጽሐፉን አላነበብሁትም፤ ስለ መጽሐፉ የተጻፈ የጋዜጣ ሒስ ግን አንብቤ ስለ ነበር የሐያሲውን አስተያየት የራሴ አስመስዬ ተናገርሁ። ከመካከላቸው አንዱ ደስ ብሎት ወደ እኔ ዞረና «እናቱን የሚያገኝበትን ቦታ እንዴት አየኸው?» አለኝ። ምን ብዬ እንደ መለስሁ ዛሬ አላስታውስም፤ የማስታውሰው የሰውየው ፊት ሲቀዘቅዝና ወሬውን በጨዋነት ወደ ሌላ ጉዳይ ሲመልሰው ነው። አላጋለጠኝም፤ እንዲያውም ባጋለጠኝ ይሻለኝ ነበር። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ ያን ዕለት ነው። የሚያስቆጨኝ ደግሞ በዚያው ሰሞን ማታ ማታ የማነበው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ስለ ባሕር ጉዞ የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ የነበረኝ መሆኑ ነው። እጅግ እወደው ነበር። ስለ እርሱ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ሲጠይቀኝ ባመሸ ነበር፤ እኔ ግን ያለኝን ደብቄ የሌለኝን አቀረብሁ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አዳዲስ ሠራተኞችን ለመቅጠር ቃለ መጠይቅ ከሚያደርጉት አንዱ ሆንሁ። ከሙያው ጥያቄዎች በኋላ ምን እያነበቡ እንደ ሆነ እጠይቃቸው ነበር፤ ለነጥብ ሳይሆን ለማወቅ ካለኝ ጉጉት ብቻ። አብዛኞቹ የሚጠሩልኝ ስለ አመራርና ስለ ስኬት የተጻፉ መጻሕፍትን ነበር፤ ጠያቂው ሊሰማው ይፈልጋል ብለው የገመቱትን ማለት ነው። አንዲት ወጣት ግን ጥቂት አመነታችና ለታናሽ ወንድሟ የምታነብለትን፣ ስለ ንቦች የሚናገር የሕፃናት መጽሐፍ እንደ ሆነ ነገረችን። «ለእርሱ ብዬ ጀመርሁት፤ አሁን ግን እርሱ ከተኛ በኋላ ብቻዬን ነው የማነበው» አለች። ከዚያም አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ በቆመው የማር እንጀራ ላይ እየተርገፈገፈች እንደምትጨፍር ነገረችን። የጭፈራው መስመር ቀጥታ ወደ ላይ ከሚያመለክተው አቅጣጫ የሚያዘነብለው አበባው ከፀሐይ አቅጣጫ በሚርቅበት ማዕዘን ልክ ነው፤ መርገፍገፉ ረዘም ሲል ደግሞ አበባው ሩቅ ነው ማለት ነው። ይህን የንቦች ቋንቋ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት መቀበሉንም አልረሳችም። ይህን ሁሉ በጣቷ አየር ላይ እየሣለች ስታስረዳ ሦስታችንም ጠያቂዎች ብዕራችንን አስቀምጠን ሰማናት።

ያቺን ልጅ ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። መጽሐፉ ታላቅ ነው አላለችም፤ ሁሉም ሰው ሊያነበው ይገባል አላለችም፤ ስለ ደራሲው ዝናም ምንም አልተናገረችም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለን አንድ ነገር አንሥታ እንዳስደነቃት አድርጋ አቀረበችው። በሳምንቱ መጽሐፉን ፈልጌ አገኘሁት። እኔ ለእናንተ የምመክረው ይህንኑ ነው፦ የምታነቡትን ስትናገሩ ርዕሱንና ምስጋናውን አሳጥሩና ከውስጡ አንድ ነገር አውጡ። «በጣም ደስ የሚል መጽሐፍ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ለሰሚው ምንም አያስጨብጠውም፤ ኦዲተር «ሒሳቡ ጥሩ ነው» ብሎ ሪፖርት እንደማይጽፍ ሁሉ።

ያነበባችሁትን ስትናገሩ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ራሳችሁ ናችሁ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በቃሉ እያጠና ራሱን በመፈተን ሰው እንዴት እንደሚረሳ ለክቷል፤ መርሳቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፈጣን ነው፣ ከዚያ በኋላ እየዘገየ ይሄዳል። መጽሐፍ እንደ እነዚያ ባዶ ድምፆች በቶሎ አይጠፋም፤ ሆኖም ባለፈው ወር በአድናቆት የጨረሳችሁትን መጽሐፍ ዛሬ በአምስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ ብትባሉ የሚደርስባችሁን ችግር ታውቁታላችሁ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ደግሞ ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። አንደኛው የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አነበበና በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከ1 ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ከራሳቸው ውስጥ ፈልገው ሲያወጡ የነበሩት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ለጓደኛ መጽሐፍ መተረክ ይኸው ከራስ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት ነው፤ ልዩነቱ ጓደኛ ያልገባውን መልሶ መጠየቁ ብቻ ነው። እኔ ምዕራፍ ስጨርስ መጽሐፉን ዘግቼ ለባለቤቴ እተርክላታለሁ። ሁልጊዜ በፈቃዷ ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

ስለ ንባባቸው ለሌላ ሰው ከጻፉት መካከል እንደ ቁስጥንጥንያው ፎቲዮስ የምወደው የለም። በ9ኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ ፓትርያርክ እስከ መሆን የደረሰ ሊቅ ነው። ለመልእክተኝነት ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲል ወንድሙ ታራስዮስ፣ እርሱ ባልተገኘበት ጊዜ የተነበቡት መጻሕፍት ምን እንደሚሉ እንዲጽፍለት ለመነው፤ ፎቲዮስም 280 ያህል ምዕራፍ ያለው ሥራ ጻፈለት። እያንዳንዱ መጽሐፍ ምን እንደ ያዘ ይነግረዋል፣ አጻጻፉ የጠራ ወይም የተንዛዛ መሆኑን ይፈርዳል፣ አንዳንዱን በሐሳቡ ሳይስማማ ቋንቋውን ያደንቅለታል። ከጠቀሳቸው ሥራዎች ብዙዎቹ በኋላ ዘመን ጠፍተዋል። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ክቴስያስ ስለ ፋርስ ነገሥታት የጻፈው ታሪክ ለምሳሌ በሙሉ አልደረሰንም፤ ስለ ይዘቱ ከምናውቀው ብዙው የሚገኘው ፎቲዮስ ለወንድሙ ካሳጠረለት ጽሑፍ ነው። እኔን የሚገርመኝ የሥራው ስፋት ሳይሆን ለማን እንደ ተጻፈ ነው። ፎቲዮስ የጻፈው ጠባዩን ለሚያውቀው፣ ለናፈቀው አንድ ሰው ነበር፤ በእያንዳንዱ ፍርዱ ውስጥ የሚሰማው ድፍረትም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ለሁሉም ሰው የሚናገር ሰው ሁሉን ላለማስቀየም ይጠነቀቃል፤ ለወንድሙ የሚጽፍ ግን «ይህ አሰልችቶኛል» ለማለት አይፈራም። ስለዚህ የምታነቡትን ለብዙ ሰው ከማሳወቃችሁ በፊት አንድ ሰው ምረጡና ለእርሱ ንገሩ።

ሌላውን ጠይቄ ራሴ መሸሽ አይገባኝምና በአልጋዬ አጠገብ ያሉትን ልንገራችሁ። ርዕሶቻቸውን ያልጻፍሁት ሆን ብዬ ነው፤ ርዕስ ብቻውን ሲነገር ሰው በማስታወሻው ያሰፍረውና እዚያው ይቀራል።

የመጀመሪያው መርከበኞች በባሕር ላይ ኬንትሮሳቸውን ለማወቅ ስላደረጉት ጥረት ይናገራል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ የተነሡበትን ወደብ ሰዓት በትክክል የያዘ መርከበኛ ያለበትን ሰዓት ከፀሐይ አንብቦ ሁለቱን በማነጻጸር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደ ራቀ ያውቃል። ችግሩ በሚናወጥ መርከብ ላይ፣ በሙቀትና በብርድ መካከል ሳይዛባ የሚሠራ ሰዓት አለመኖሩ ነበር። የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1714 መፍትሔ ለሚያገኝ እስከ 20,000 ፓውንድ እንደሚሰጥ ደነገገ፤ ጆን ሃሪሰን የሚባል፣ የሰዓት ሥራን በራሱ የተማረ አናጢም ዕድሜውን በሙሉ በዚህ ላይ አዋለ። ሦስት ትልልቅ ሰዓቶችን ከሠራ በኋላ አራተኛውን በመዳፍ ላይ የሚያዝ ትንሽ አድርጎ ሠራው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1761 በተጀመረው የጃማይካ ጉዞ በ81 ቀን ውስጥ የተሳሳተው 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ሽልማቱ ይገባው እንደ ሆነ የሚወስኑት መርማሪዎች ግን በአንድ ሙከራ አላመኑም። አሁን ያለሁት ሽማግሌው ሃሪሰን ድካሙ እንዲታወቅለት ደጅ በሚጠናበት ምዕራፍ ላይ ነው፤ ፓርላማው ቀሪውን ገንዘብ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1773 በ80 ዓመቱ ነው። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ በመርማሪዎቹ ይናደዳል። እኔ በሙያዬ ምክንያት በከፊል አዝንላቸዋለሁ፤ ሁለተኛ ማስረጃ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም፣ ሰውን እስከ እርጅና ማጉላላት ግን ነው።

ሁለተኛው የሒሳብ አያያዝ ታሪክ ነው። ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸውን፣ እያንዳንዱን የገንዘብ እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ፣ በዴቢትና በክሬዲት (በተቀበለውና በሰጠው ሒሳብ) የመመዝገብ ዘዴ ነጋዴዎች ከእርሱ በፊት ይሠሩበት እንደ ነበር በዚህ ዕድሜዬ በዝርዝር ማንበብ ደስ ብሎኛል፤ እናንተን ላያስደስት ይችላል። ሦስተኛው ግጥም ነው፤ በቀን አንድ ብቻ፣ ጠዋት። አራተኛው ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ወፍራም ልብ ወለድ ሲሆን 140ኛው ገጽ ላይ ከቆምሁ ሦስት ወር አልፎኛል። አልጥም አለኝ። ይህንንም እናገራለሁ፤ ያልወደድሁትን የምሰውር ከሆነ ወደድሁ ስል ማን ያምነኛል?

ስለ ብዛት አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ዓመት 50 መጻሕፍት አነባለሁ ብዬ ተነሣሁና ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው መደርደሪያዬን ስመለከት ቀጫጭኖቹን ብቻ ስመርጥ ራሴን ያዝሁት። የሒሳብ ዘመን መዝጊያ ሲደርስ መዝገባቸውን የሚያሳምሩ ሰዎችን ሳጋልጥ የኖርሁ ሰው እንዲህ ማድረጌ አሳፍሮኛል። መመዝገብን ግን አልነቅፍም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1860 ያነበባቸውንና ሊያነባቸው የሚፈልጋቸውን መጻሕፍት በደብተር ይመዘግብ ነበር። ቶማስ ማልተስ ስለ ሕዝብ ብዛት የጻፈውን ያነበበው በዚያው በ1838 ሲሆን፣ በግል ሕይወት ታሪኩ እንደ ተናገረው ለመዝናናት ብሎ ነበር፤ የተፈጥሮ ምርጫን ሐሳብ፣ ማለትም ለኑሮ የተስማሙት ፍጥረታት ተርፈው ይራባሉ የሚለውን፣ የያዘው ግን ከዚያ ንባብ ነው። ስለዚህ ከሙያችሁ ውጭ ለደስታችሁ ብቻ የምታነቡትን በዝርዝራችሁ ግርጌ አትደብቁት። በስልክ ብታነቡትም በጆሮ ብትሰሙትም ንባብ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ጊዜ የሚያጠፉ ሽማግሌዎችን አትስሟቸው።

ለሰው መጽሐፍ ስትመክሩ ከመጽሐፉ አስቀድማችሁ ሰውየውን እዩ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው፣ ሥራ በዝቶበት ለደከመ ሰው፣ ከትምህርት ቤት ወዲህ መጽሐፍ ላልነካ ሰው አንድ ዓይነት መጽሐፍ አይሰጥም። መጨረሻውን አትንገሩት። «እስካሁን አላነበብኸውም?» እያላችሁ እንደ ባለዕዳ አታሳድዱት፤ አንብቦት ካልወደደውም ምክንያቱን ስሙ እንጂ ለመከራከር አትነሡ፤ እኔ በዚህ በኩል ሁለት ወዳጆችን ለማስቀየም ደርሼ ነበር። ማዋስን በተመለከተ ደግሞ፣ ተመልሶ ካልመጣ የሚያስለቅሳችሁን መጽሐፍ አታውሱ፤ የምታውሱትን መጽሐፍ ከእጃችሁ ሲወጣ እንደ ሰጣችሁት ቁጠሩት። ያን የንቦች መጽሐፍ ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ጎረቤቴ አውሼው አልተመለሰም። አልጠየቅሁትም። የልጅ ልጄ ማንበብ ስትጀምር ሌላ ገዝቼላታለሁ፤ አሁን የጭፈራው ገጽ ላይ ደርሳ ማዕዘን ማለት ምን እንደ ሆነ ትጠይቀኛለች።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ አንድ ኦዲተር